የማናውቀውን የጊታር ኮርድ ስም እንዴት እናገኛለን? ከጣት አያያዝ እስከ ቅኝት

1. መግቢያ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን። ለሰው ስም ይህ ይሠራ ይሆናል፤ የጊታር ኮርድን ስም የሚያወጣው ግን ቆጠራ ነው። ቆጠራውን የሚያውቅ ሰው ከዚህ በፊት ይዞት የማያውቀውን ኮርድ ስም በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ያገኘዋል። ቆጠራውን የማያውቅ ደግሞ ሃምሳ ኮርድ በጣቱ እየያዘ የአንዱንም ስም ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

በአካባቢያችን፣ ለምሳሌ በአዲስ ቅዳም፣ ጊታር የሚለማመድ ወጣት በአብዛኛው የሚማረው ከጓደኛው ጣትና በስልክ ከተጫነ ቪዲዮ ነው። «እንዲህ ያዝ፣ ከዚያ ወደዚህ ሂድ» ይሉታል፤ ይይዛል፣ ይሄዳል፤ ዘፈኑም ይወጣለታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛው «አሁን የያዝከው ምንድን ነው?» ሲለው መልስ የለውም። ዘፋኟ «ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» ስትል አያያዙን ወዴት እንደሚያዛውረው ግራ ይገባዋል። ነገ መምህር ሆኖ በአንዱ የገጠር ትምህርት ቤት ሲመደብና ተማሪው «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቀው «ዝም ብለህ ያዝ» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖረውም። የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ብዙዎቻችን የምንሄደው ወደዚያ ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከተናል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የማይታወቅን ኮርድ ስም ለማግኘት የሚያስችለውን አሠራር ደረጃ በደረጃ ማሳየት ነው። ምሳሌዎቹን ሆን ብዬ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ጋር አያይዣቸዋለሁ። በጊታር መማሪያ ፖስተሮች ላይ የተደረደሩት ኮርዶች በአብዛኛው ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ የተዘጋጁ ናቸው። በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ስንጫወት ጣታችን ስር የሚመጡት ግን ብዙ ጊዜ ፖስተሩ ላይ የሉም። እዚያ ያላየነውን ደግሞ «ይሄ ስህተት ነው» ብለን መተው ይቀናናል። ስሙን ማግኘት ከቻልን ግን ስህተት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት እንችላለን። አንባቢ ጊታር ካለው እያነበበ ቢሞክር ይመረጣል፤ ከሌለው ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

2. የኮርድ ስም ከምን ይወጣል?

ኮርድ ማለት በአንድ ጊዜ የሚሰሙ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የተለያዩ ድምፆች ማለት ነው። ስሙ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል ኮርዱ የቆመበትን መሠረት ድምፅ ይናገራል፤ «ኤ ማይነር» ስንል መሠረቱ ኤ ነው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሌሎቹ ድምፆች ከመሠረቱ ምን ያህል እንደሚርቁ ይናገራል፤ ማይነር፣ ሜጀር፣ ሰባት እያለ።

ልብ በሉ፤ ጣት የት እንዳረፈ በስሙ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ኮርድ ጊታር ላይ በአራትና በአምስት ቦታ ሊያዝ ይችላል፤ ስሙ ግን አንድ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጣቶቹ ሳይነሱ ቤዙ ብቻ ቢቀየር ስሙ ሊቀየር ይችላል።

ከቅኝቶቻችን ስም ጋር ብናወዳድረው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ባቲና አምባሰል ወሎ ውስጥ ያሉ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ትዝታ የስሜት ስም ነው፤ አንቺሆዬ ደግሞ ጥሪ ነው። እነዚህ ስሞች ብዙ ትዝታ ይቀሰቅሳሉ እንጂ በውስጣቸው የትኞቹ ድምፆች እንዳሉ አይነግሩንም። የኮርድ ስም የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ትዝታ የለውም፣ ነገር ግን አሠራሩን በሙሉ ይነግረናል። ስሙን የሰማ ሰው ኮርዱን ራሱ ሊሠራው ይችላል።

3. ፊደሎቹና ክሮቹ

በአገራችን ሁለት የአጠራር መንገዶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኛው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ የሚለው ነው። ሁለተኛው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፤ «ሲ» በአንደኛው አጠራር የመጨረሻው ድምፅ ነው፣ በሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው። አንዱ በዶ ሬ ሚ፣ ሌላው በፊደል የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች «ሲ ያዝ» ቢባባሉ አንዱ አንድ ፍሬት ወርዶ ይገኛል። እኔ እዚህ የምጠቀመው በፊደል አጠራር ነው፤ «ሲ» ስል ዶ ማለቴ ነው።

በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ድምፆች አሉ፦ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ዲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ኤ ሻርፕ፣ ቢ፤ ከዚያ ተመልሶ ሲ። ከኢ ወደ ኤፍ እና ከቢ ወደ ሲ መሐል ሻርፕ የለም። ሻርፕ ያለው ድምፅ ሁሉ በፍላትም ሊጠራ ይችላል፤ ሲ ሻርፕና ዲ ፍላት፣ ዲ ሻርፕና ኢ ፍላት፣ ጂ ሻርፕና ኤ ፍላት ጊታር ላይ አንድ ቦታ ናቸው። በዚህ ተራ ከአንዱ ድምፅ ወደሚቀጥለው መሄድን «አንድ እርምጃ» ብለን እንጥራው፤ በጊታር አንገት ላይ አንድ ፍሬት ማለት ነው።

የጊታሩ ስድስት ክሮች ሳይያዙ ሲመቱ ከወፍራሙ (6ኛው) ወደ ቀጭኑ (1ኛው) ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። ይህችን መስመር በቃል መያዝ ግዴታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

4. አምስቱ ደረጃዎች

አሠራሩን በምናውቀው ኮርድ እንጀምረውና ትክክል መሆኑን እንይ።

ሀ/ አያያዙን በቁጥር መጻፍ። ከወፍራሙ ክር ጀምረን እያንዳንዱ ክር በስንተኛው ፍሬት እንደተያዘ እንጽፋለን። ክፍት ከሆነ 0፣ የማይመታ ከሆነ «ዝግ» እንላለን። ለምሳሌ፦ ዝግ፣ 0፣ 2፣ 2፣ 1፣ 0።

ለ/ ቁጥሩን ወደ ድምፅ መለወጥ። 5ኛው ክር ክፍት ነው፤ ኤ። 4ኛው ክር ዲ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ሲወጣ ኢ። 3ኛው ጂ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ሲወጣ ኤ። 2ኛው ቢ ነበር፤ አንድ እርምጃ ሲወጣ ሲ። 1ኛው ክፍት ነው፤ ኢ። ስለዚህ ኤ፣ ኢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ አገኘን።

ሐ/ ተደጋጋሚውን መሰረዝ። ኤ ሁለት ጊዜ፣ ኢም ሁለት ጊዜ አለ። አንድ አንድ ብቻ ስናስቀር ኤ፣ ሲ፣ ኢ ይቀራል። ስድስት ክር መትተን የምናገኘው ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ድምፅ ብቻ ነው።

መ/ ከቤዙ ጀምሮ እርምጃ መቁጠር። ቤዝ የምንለው ከሁሉም ወፍራም ሆኖ የሚሰማውን ድምፅ ነው፤ እዚህ ኤ ነው። ከኤ እስከ ሲ 3 እርምጃ፣ ከኤ እስከ ኢ 7 እርምጃ። ውጤቱ 0፣ 3፣ 7 ነው። ይህን ከሚከተለው ዝርዝር ጋር እናመሳክራለን፦

0፣ 4፣ 7 — ሜጀር
0፣ 3፣ 7 — ማይነር
0፣ 3፣ 6 — ዲሚኒሽድ
0፣ 4፣ 8 — ኦግመንትድ
0፣ 5፣ 7 — ሰስ 4
0፣ 2፣ 7 — ሰስ 2

አራተኛ ድምፅ ካለ ደግሞ፦ 9 ሲጨመር «ስድስት»፣ 10 ሲጨመር «ሰባት»፣ 11 ሲጨመር «ሜጀር ሰባት» የሚል ቅጥያ ይሰጠዋል። የእኛው 0፣ 3፣ 7 ስለሆነ ስሙ ኤ ማይነር ነው። ሁላችንም የምናውቀው ስም ወጣ ማለት ነው፤ አሠራሩ ይሠራል።

ሠ/ ካልገጠመ መሠረቱን መቀየር። ከላይ በያዝነው ላይ 5ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ እንያዘው፦ ዝግ፣ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 0። ድምፆቹ ሲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ናቸው፤ ስናጣራ ሲ፣ ኢ፣ ኤ። ከቤዙ ከሲ ስንቆጥር 0፣ 4፣ 9 ይመጣል። ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከኢ ስንቆጥር 0፣ 5፣ 8፤ እሱም የለም። ከኤ ስንቆጥር 0፣ 3፣ 7፤ ገጠመ! ስለዚህ ስሙ «ኤ ማይነር በሲ ቤዝ» ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ይህንኑ አያያዝ «ሲ ስድስት» ብለው ይጽፉታል፤ ጂ ተዘልሎ ነው ብለው በማሰብ። ሁለቱም ስም ከአንድ ቦታ መምጣቱ ወደሚቀጥለው ነጥብ ይወስደናል።

5. አንድ ዓይነት ድምፆች፣ ሁለት ስም

አራቱን ቀጫጭን ክሮች በሙሉ 5ኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት እንጫናቸው። ከ4ኛው ክር ጀምሮ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ይሰጡናል። አሁን ቤዝ እንጨምርበት።

አንደኛ፤ 5ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ይዘን እንምታ፦ ዝግ፣ 3፣ 5፣ 5፣ 5፣ 5። ቤዙ ሲ ነው። ከሲ ስንቆጥር ኢ 4፣ ጂ 7፣ ኤ 9 ይሆናሉ። ስሙ ሲ ስድስት ነው።

ሁለተኛ፤ 5ኛውን ክር ዘግተን 6ኛውን 5ኛው ፍሬት ላይ እንያዝ፦ 5፣ ዝግ፣ 5፣ 5፣ 5፣ 5። ቤዙ ኤ ሆነ። ከኤ ስንቆጥር ሲ 3፣ ኢ 7፣ ጂ 10። ስሙ ኤ ማይነር ሰባት ነው።

ድምፆቹ ያው አራቱ ናቸው፤ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። አንዱ ግን ሜጀር ጠባይ አለው፣ ሌላው ማይነር። ጆሮም ይለየዋል። ባንድ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ቤዙን የሚይዘው ጊታሩ ሳይሆን ቤዝ ጊታሩ ነው። ስለዚህ ጊታሪስቱ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ቤዚስቱ የኮርዱን ስም ሊቀይርበት ይችላል። «እኔ የያዝኩት ሲ ነው» «የለም ኤ ነው» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ሌላ ምሳሌ፦ ዝግ፣ ዝግ፣ 0፣ 2፣ 3፣ 3። ድምፆቹ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ናቸው። ከዲ ስንቆጥር 0፣ 5፣ 7፤ ዲ ሰስ 4 ነው። በዚሁ ላይ 6ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ብንጨምር ቤዙ ጂ ይሆናል፤ ከጂ ሲቆጠር 0፣ 2፣ 7፤ ጂ ሰስ 2 ነው። እነዚህ ኮርዶች 3ም 4ም እርምጃ የሌላቸው ስለሆኑ ሜጀርም ማይነርም አይደሉም። ይህን እናስታውሰው፤ አምባሰል ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

6. ቅኝቱ ስሙን ይመርጣል

መሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ዋሽንትም በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ክራር ላይ ደግሞ በአንዱ አመታት ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ሲጠርግ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ የሚፈለገው ብቻ ይሰማል። ጊታር ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፈው ድምፅ ለመፍጠር ነው፤ ክራር ተጫዋች ግን ድምፅ ለማስቀረት። ሙዚቃችን ያደገው በዜማ መስመር እንጂ በኮርድ ስላልነበረ ለኮርድ የሚሆን የራሱ ስም አላወጣም።

የነሐስ መሣሪያ ባንዶች ሲስፋፉ ነገሩ ተለወጠ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በ1924 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ይጫወቱ ነበር። በኋላ ጊታር፣ ኦርጋንና ቤዝ መጡ። ጅማ ተወልዶ ቦስተን በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ባሳተመው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም የሚሰማው ዋና ጥያቄም ይኸው ነው፤ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ጠባዩን ሳያጠፉ ከ12ቱ ድምፆች ኮርድ ጋር እንዴት ያጋቡታል? እኛም በትንሿ ጊታራችን የምንጋፈጠው ያንኑ ጥያቄ ነው።

እስቲ ቅኝቶቹን ሁሉንም መነሻቸውን ሲ አድርገን፣ በፒያኖ ድምፅ በተለምዶ እንደሚጻፉት እንደርድራቸው። (ክራር ተጫዋችና ድምፃዊ ከፍሬት ይልቅ ረቂቅ በሆነ መጠን ሊቃኙ እንደሚችሉ አንዘንጋ።) በየቅኝቱ ውስጥ ካሉት አምስት ድምፆች ብቻ የሚሠሩትን ኮርዶች አብረን እንይ፦

ትዝታ (ሜጀር)፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ይገኛሉ። ሲ ስድስትና ኤ ማይነር ሰባትም እዚሁ ናቸው። ዜማው የሚያርፈው ሲ ላይ ከሆነና ቤዙም ሲ ከሆነ ስሙ ሲ ስድስት ነው ብለን በእርግጠኝነት መጻፍ እንችላለን።

ትዝታ (ማይነር)፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር ይገኛሉ።

ባቲ (ሜጀር)፦ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። ሲ ሜጀር፣ ኢ ማይነር፣ እንዲሁም ሲ ሜጀር ሰባት ይገኛሉ።

አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ዲ ፍላት ሜጀርና ኤፍ ማይነር ይገኛሉ። መነሻው ላይ ግን ከሲ 3 ወይም 4 እርምጃ የሚርቅ ድምፅ የለም! ሲ ሜጀር ብንይዝ ኢ፣ ሲ ማይነር ብንይዝ ኢ ፍላት ከውጭ ይገባሉ። ከቅኝቱ ሳንወጣ መነሻው ላይ ልንይዘው የምንችለው ሲ ሰስ 4 ነው፦ ዝግ፣ 3፣ 3፣ 0፣ 1፣ 1፤ ድምፆቹ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ናቸው።

አምባሰልን በሲ ማይነር ማጀብ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ከውጭ ድምፅ ማስገባት የአቀናባሪ መብት ነው። ነገር ግን እያወቁ ማስገባትና ፖስተሩ ላይ ሌላ ስላጡ ማስገባት ይለያያሉ። ስሙን ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው የትኛው ድምፅ እንግዳ እንደሆነ ያውቃል።

7. ከሁሉ የሚያስቸግረው፦ አንቺሆዬ

አንቺሆዬ በዚሁ መነሻ ሲጻፍ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ነው። በእርምጃ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 መሆኑ ነው። ከመነሻው 7 እርምጃ የሚርቅ ድምፅ እንኳ የለውም፤ ስለዚህ ሲ ሜጀር፣ ሲ ማይነር፣ ሲ ሰስ የሚባል ነገር ከውስጡ አይወጣም። ግን ኮርድ የለውም ማለት አይደለም። ኤፍ ሜጀር (ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ) አለው፤ ኤፍ ሻርፕ ማይነር (ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ) አለው፤ ኤፍ ሻርፕ ዲሚኒሽድ (ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ሲ) አለው። ዜማው መነሻው ላይ ሲያርፍ ቤዙ ሲ ሆኖ ኤፍ ሜጀር ቢያዝ «ኤፍ ሜጀር በሲ ቤዝ» ተብሎ ይጻፋል።

አሁን ይህን አያያዝ እንይ፦ 2፣ 4፣ 3፣ 2፣ 2፣ 2። ብዙ ሰው ሲያየው «ኤፍ ሻርፕ ማይነር ሊይዝ ፈልጎ አንድ ጣቱ ያመለጠው ነው» ይላል። ኤፍ ሻርፕ ማይነር 2፣ 4፣ 4፣ 2፣ 2፣ 2 ስለሆነ እውነትም ልዩነቱ 4ኛው ክር ላይ አንድ ፍሬት ነው። እንቁጠረው። ድምፆቹ ኤፍ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ ናቸው። ስናጣራ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ። ከኤፍ ሻርፕ ስንቆጥር 0፣ 3፣ 7፣ 11። ስለዚህ ስሙ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ሜጀር ሰባት ነው።

«ማይነር ነው ወይስ ሜጀር?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁለቱም ነው፤ ግን ስለተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት። «ማይነር» የሚለው ስለ 3 እርምጃው፣ «ሜጀር ሰባት» የሚለው ደግሞ ስለ 11 እርምጃው ነው። (በጥብቅ የኖታ አጻጻፍ እዚህ ያለው ኤፍ «ኢ ሻርፕ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከኤፍ ፊደል ሲቆጠር ሰባተኛው ፊደል ኢ ስለሆነ። ጣት የሚያርፈው ግን እዚያው ነው።)

አሁን ዋናውን ነገር ልበል። ይህ ኮርድ አራቱም ድምፆቹ አንቺሆዬ ውስጥ ያሉ ናቸው። አልተሳሳተም። ይልቅ የሚሳሳተው «እናስተካክለው» ብሎ ፖስተሩ ላይ ወዳለው ወደ ኤፍ ሻርፕ ማይነር ሰባት የሚቀይረው ሰው ነው፦ 2፣ 4፣ 2፣ 2፣ 2፣ 2። እዚህ 4ኛው ክር ኢ ይሆናል፤ ኢ ደግሞ አንቺሆዬ ውስጥ የለም። «ማይነር ሰባት» እና «ማይነር ሜጀር ሰባት» በሚሉት ስሞች መሐል ያለው ልዩነት አንዲት ፍሬት ናት፤ አንደኛው ቅኝቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ያፈርሰዋል። የስም ጉዳይ ቀልድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ከዚሁ ኮርድ ኤፍ ሻርፑን ብናወጣው ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ ሻርፕ ይቀራል፦ ዝግ፣ ዝግ፣ 3፣ 2፣ 2፣ 1። ከኤፍ ብንቆጥር 0፣ 4፣ 8። ከኤ ብንቆጥር 0፣ 4፣ 8። ከሲ ሻርፕም ብንቆጥር 0፣ 4፣ 8! ኦግመንትድ ኮርድ 12ቱን ድምፆች በእኩል በሦስት ስለሚከፍል ከየትኛውም ድምፁ ቢጀመር ያው ነው። አያያዙን 4 ፍሬት ብናሳድገው (7፣ 6፣ 6፣ 5) ድምፆቹ ተመልሰው እነዚያው ይሆናሉ። ስለዚህ በ12 ስም የሚጠሩት ኦግመንትድ ኮርዶች በድምፅ አራት ብቻ ናቸው። የትኛውን ስም እንምረጥ? ቤዙ የያዘውን። ቤዙ ኤፍ ከሆነ ኤፍ ኦግመንትድ፣ ኤ ከሆነ ኤ ኦግመንትድ።

ዘፋኟ «ከፍ አድርጉልኝ» ብላ መነሻው ከሲ ወደ ዲ ቢሄድስ? ሁሉም 2 እርምጃ ይወጣል። ኤፍ ሻርፕ ማይነር ሜጀር ሰባት የነበረው ጂ ሻርፕ ማይነር ሜጀር ሰባት ይሆናል፦ 4፣ 6፣ 5፣ 4፣ 4፣ 4። የስሙ ሁለተኛ ክፍል አልተነካም፤ የተቀየረው መሠረቱ ብቻ ነው።

8. ጣት ሳይታይ፣ በጆሮ ብቻ

ከተቀዳ ዘፈን ላይ ኮርድ ስናወጣ የሚታይ ጣት የለም። አሠራሩ ግን ያው ነው። በመጀመሪያ ቤዙን መፈለግ፤ እያንጎራጎሩ መያዝና 6ኛው ወይም 5ኛው ክር ላይ ማግኘት። ቀጥሎ ከዚያ ድምፅ 3 እና 4 እርምጃ የሚርቁትን እየሞከሩ የትኛው ከዘፈኑ ጋር እንደማይጣላ መስማት። ሁለቱም ከተጣሉ ሰስ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መሠረቱ ቤዙ አይደለም። በመጨረሻ 9፣ 10 እና 11 እርምጃን መሞከር።

ለዚህ ልምምድ ቤዝና ጊታር ተለይተው የሚሰሙበት ዘፈን ይመረጣል። ለምሳሌ ማህሙድ አህመድ በ1975 እ.ኤ.አ. «እሬ መላ መላ»ን የሠራው ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው። በዚህና ኋላ በመጣው ሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ሰላም ስዩም ወልደማርያም ጊታር ተጫውተዋል። አንድ ተግባራዊ ምክር፦ የስልክ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ስለሆነ ቤዙን በደንብ አያወጣም። በማዳመጫ መስማት ግድ ነው። ቤዙን ሳንሰማ ስም ብናወጣ ሲ ስድስቱን ኤ ማይነር ሰባት ማለታችን አይቀርም።

9. ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

አንደኛ፤ ካፖ። 2ኛው ፍሬት ላይ ካፖ አስረን የኤ ማይነርን አያያዝ ብንይዝ የሚሰማው ቢ ማይነር ነው። ለራሳችን «ኤ ማይነር» ብንል ግድ የለም፤ ለኪቦርዱ ግን ቢ ማይነር ብለን መንገር አለብን።

ሁለተኛ፤ መቃኘት። ጊታሩ በክራሩ ልክ ከተቃኘ ክሮቹ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ላይሆኑ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ፊደሉ ይሳሳታል፤ የእርምጃ ቆጠራው ግን አይሳሳትም። ማይነሩ ማይነር ነው።

ሦስተኛ፤ ኮርድ ፈላጊ የስልክ ፕሮግራሞች። ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ለአንድ አያያዝ ሦስትና አራት ስም ይደረድራሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ቤዙና ቅኝቱ ነው፤ ቅኝቱን ደግሞ የምናውቀው እኛ ነን።

10. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የማናውቀውን ኮርድ ስም ለማግኘት አያያዙን በቁጥር እንጽፋለን፣ ወደ ድምፅ እንለውጣለን፣ ተደጋጋሚውን እናወጣለን፣ ከቤዙ እንቆጥራለን፣ ካልገጠመ መሠረቱን እንቀያይራለን። ከአንድ በላይ ስም ከመጣ ቤዙና ቅኝቱ ይዳኛሉ። ይህን የሚያውቅ መምህር አንድ ጊታርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ባለበት ክፍል ውስጥም ማስተማር ይችላል፤ ተማሪው ይዞት የመጣውን አያያዝም ሳይቆጥረው «ስህተት ነው» አይለውም።

ለልምምድ የሚሆኑ ሦስት አያያዞች እነሆ፤ መጀመሪያ ሳታዩ ቁጠሩ፦
አንድ/ ዝግ፣ 3፣ 2፣ 0፣ 0፣ 0
ሁለት/ 1፣ 3፣ 3፣ 1፣ 1፣ 1
ሦስት/ ዝግ፣ ዝግ፣ 0፣ 2፣ 1፣ 0

መልስ፦ የመጀመሪያው ሲ ሜጀር ሰባት ነው፤ ባቲ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ኤፍ ማይነር ነው፤ አምባሰል ውስጥ ይገኛል። ሦስተኛው ኤ ማይነር በዲ ቤዝ ነው፤ ትዝታ ውስጥ ይገኛል። ሦስተኛው ካስቸገራችሁ ደረጃ «ሠ»ን እንደገና ተመልከቱት።